ለሚረሱ ሰዎች ቤት ልነድፍ አንኮበር ደርሼ ስመለስ

ማክሰኞ፤ ከላምበረት ደብረ ብርሃን

መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሰው በስልክ ጠይቄ ካረጋገጥኩ በኋላ ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ደረስኩ። የዓቢይ ጾም አጋማሽ ነበር። ትከሻዬ ላይ የቤት ንድፍ የተጠቀለለበት ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ አንግቻለሁ። የሚኒባሱ ሹፌር ቱቦውን አየና «እህቴ፣ መሣሪያ እንዳይሆን ብቻ!» አለኝ።

«ቤት ነው» አልኩት። ሳቀና ከኋላው ያለውን ወንበር ሰጠኝ።

አርክቴክት ነኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ስሠራ የነደፍኩት በአብዛኛው አፓርታማና ሱቅ ነው። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበር ግን ያልለመድኩትን ሥራ ሰጠኝ፤ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ሃያ አረጋውያን የሚኖሩበት ቤት። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ በሁለት ወር ጨረስኩት። መሐል ለመሐል አንድ ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ አሥር አሥር ክፍል፣ አንድ ዓይነት በሮች፣ ነጭ ግድግዳ። ለማጽዳትም ለመጠበቅም የሚቀል ቤት ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር።

ንድፉን በስልክ የላክሁላት ለሲስተር ጥሩወርቅ ነው። ጥሩወርቅ የመዘዞ ከተማ ልጅ ናት፤ በማኅበሩ ውስጥ ቤት ለቤት እየዞረች አረጋውያንን የምትረዳ ነርስ። አየችውና ትንሽ ቆይታ ደወለችልኝ።

«ሂሩትዬ፣ ያምራል። ግን ሰዎቹን አይተሻቸዋል?»

አላየኋቸውም። የዚህ ጉዞ ምክንያት ይኸው ነው። ዓርብ ንድፉን ለማኅበሩ ኮሚቴ ማቅረብ ነበረብኝ፤ ከዚያ በፊት ቦታውንና ሁለት ቤተሰብ ለማየት ሦስት ቀን ያዝኩ።

ሰንዳፋንና አለልቱን አልፈን ሸኖ ስንደርስ በሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሹ ተሳፋሪ ቅቤ ልግዛ ብሎ መኪናውን ያስቆም ነበር። ጾም ነውና ሹፌሩ ፍጥነቱን እንኳ አልቀነሰም። ከሸኖ በኋላ ሜዳው እየሰፋ፣ ነፋሱ በመስኮቱ ክፍተት እየገባ ሄደ። የበልግ ዝናብ ጠብ ብሎ ስለነበር ገበሬዎች እርሻ ላይ ናቸው። የድንጋይ ካቦቹ፣ የተከመረው ኩበት፣ ባሕር ዛፉ፣ ሁሉም በዝናቡ ታጥቦ ጥርት ብሏል። ጫጫን አልፈን ሦስት ሰዓት ገደማ ደብረ ብርሃን ገባን። ከመኪናው ስወርድ ብርዱ ጥርሴን አንገጫገጨው፤ ጥሩወርቅ ይህን አውቃ ተጨማሪ ጋቢ ይዛልኝ ቆማለች።

ቦታው

በባጃጅ ወደ ከተማው ጠርዝ ሄድን። ማኅበሩ ያገኘው ቦታ ገብስ ይዘራበት የነበረ ሜዳ ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ሞገስ ቀድመውን ደርሰው መሬቱን በእርምጃ እየለኩ ነበር። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በጡረታ ላይ ያሉ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው። ከሰላምታ በኋላ የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ክፍሎቹ አልነበረም።

«የአጥሩ ግንብ ስንት ሜትር ነው?»

«ሁለት ተኩል።»

«ሦስት ይሁን። ከላዩም ሽቦ ይዙርበት።»

«አቶ ሞገስ፣ እንደዚያ ከሆነ እስር ቤት እንዳይመስል…»

«ይምሰል!» አሉኝ ቆጣ ብለው። «ሰው ጠፍቶ ከምንፈልግ እስር ቤት ቢመስል ይሻላል። በሩም አንድ ብቻ ይሁን፤ ቁልፉ ከዘበኛው እጅ አይውጣ።»

ልከራከር አፌን ስከፍት ጥሩወርቅ ጋቢዬን ጎተት አደረገችኝ። ባጃጁ ውስጥ ከገባን በኋላ «አትከራከሪያቸው፤ ምክንያት አላቸው» አለችኝ። ምን እንደሆነ ብጠይቃት «እሳቸው ሲፈልጉ ይንገሩሽ» ብላ ወደ መንገዱ ማየት ጀመረች። እኔም በልቤ ግትር ሰው ናቸው ብዬ ተውኩት።

ምሳ በያይነቱ በልተን ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታደለ ቤት ሄድን። ጋሽ ታደለ ባና ሲሠሩ የኖሩ ሸማኔ ናቸው፤ ባና በዚህ አገር ከበግ ጠጉር የሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። አሁን የሸማኔ ዕቃው የት እንዳለ አያውቁም። ከበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠው የጋቢያቸውን ዘርፍ በጣታቸው ይፈትላሉ፣ ይፈታሉ፣ ደግሞ ይፈትላሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ገበያ ላይ ሽሮና በርበሬ ይሸጣሉ።

«ስወጣ እቆልፍበታለሁ» አሉኝ፣ እኔ ሳልጠይቃቸው። «እግዜር ይይልኝ፣ ሌላ ምን ላድርግ? ስመለስ ሳንቃውን በጥፍሩ ሲቧጭር አገኘዋለሁ። በዚህ እጄ ነው የምቆልፈው።»

ጋሽ ታደለ ቀና ብለው አዩኝና የዘርፉን ጫፍ ዘረጉልኝ። «ያዢልኝ» አሉኝ። ቁጭ ብዬ ያዝኩላቸው። እሳቸው እየፈተሉ፣ እኔ እየወጠርኩላቸው ብዙ ቆየን። አንዴ «ላላ አታድርጊው» ብለው ተቆጡኝ። እትዬ አስካለ የሽሮውን ወንፊት እንደያዙ ቆመው ያዩን ነበር።

«እዚያ ቤት ሥራ አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ምን ሥራ?»

«ማንኛውም ሥራ። እጁ የሚይዘው ካጣ የሚይዘው በሩን ነው።»

በንድፌ ውስጥ መኝታ፣ ምግብ ቤት፣ የሕክምና ክፍልና መጋዘን አለ። የሥራ ቦታ የለም። ማታ ሆቴል ገብቼ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ይህንኑ አንድ ነገር ነው።

ረቡዕ፤ ወደ አንኮበር

ጠዋት ጥሩወርቅ አንኮበር በሚሄድ ሚኒባስ አሳፍራኝ እሷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ሁለተኛው ቤተሰብ የሚኖረው እዚያ ነው። መኪናው እስኪሞላ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴት ከገዙት የገብስ ቆሎ ሊያካፍሉኝ ፈለጉ፤ እስከ ስድስት ሰዓት እንደምጾም ስነግራቸው «እንግዲያው ያዥው» ብለው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ።

ከደብረ ብርሃን ሲወጡ መንገዱ በደጋው ሜዳ ላይ ይዘረጋል። ብርዱ እየበረታ ሲሄድ ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች እንደ ሰው ተራ በተራ ቆመው ይታያሉ፤ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከመንገዱ ዳር ሣር ይነጫሉ። ከዚያ ሜዳው ሳይታሰብ ያልቃል። ከፊታችን መሬት የለም፤ ያለው ጉም ብቻ ነው። ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ ጠመዝማዛውን በቀስታ ወረደው። ተሳፋሪው ሁሉ የፊቱን ወንበር ጨብጦ እንደያዘ የአንኮበር ከተማ የሆነችው ጎረቤላ ደረስን።

የቤተሰቡ ልጅ እማዋይሽ ከመኪናው ስወርድ ጠበቀችኝ። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትሄድ የምትሮጥ የምትመስል። ከስድስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ልብስ ትሰፋ ነበር። አባቷ መርሳት ሲጀምሩ መኪናዋን ሸጣ መጣች። የስፌት መኪናዋን ማለቴ ነው።

አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ ደብር ውስጥ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው ያረጁ። አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ቤታቸው ከከተማው የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ጥድ በበዛበት ተዳፋት ላይ። አጥሩ አሮጌ የድንጋይ ካብ ሲሆን በሩ ግን አዲስ ሰማያዊ የላሜራ በር ነው። ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። «ወንድሜ ነው ከአዲስ አበባ ያሠራው» አለች እማዋይሽ፣ ብዙም ሳትደሰት።

የኔታ ነጭ ጥምጣማቸውን አሳምረው ጠምጥመው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሣ «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የአባቴን ስም ነገርኳቸው። «እግዚአብሔር ያሳድግሽ፤ እህል ውኃ አያሳጣሽ» ብለው መረቁኝ። ጥቂት ቆይተው ዞር አሉና «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ደግሜ ነገርኳቸው፤ ደግመው መረቁኝ። እስኪመሽ ድረስ አምስት ጊዜ ተመረቅሁ፤ አንዱም ምርቃት ከሌላው አላጠረም።

ዜማው ግን እንዳለ ነው። እማዋይሽ የመጀመሪያዋን ቃል ስትጀምርላቸው ቀሪውን ያለ አንዳች ስሕተት ይሄዱበታል። ከጨረሱ በኋላ ፊታቸው እንደገና ባዶ ይሆናል፤ አስተማሪው ወጥቶ ሽማግሌው ብቻውን የቀረ ይመስላል።

ከእራት በኋላ የኔታን ለአዲሱ ቤት የማስመዝገቡን ነገር አነሣን።

«ለማኅበሩ ስማቸውን የሰጠሁት ደክሞኝ ነው» አለች። «ወዲያው ተጸጸትኩ። ጎረቤቱ የኔታ ጃጁ ብሎ ዝም ይላል፣ እሺ። እኔን ግን ‹አባቷን ለመጦሪያ ሰጠች› ይለኛል። ወንድሜም ‹ዘር ማንዘራችንን አዋረድሽ› ብሎኛል።»

«እሱ ይረዳሻል?»

«በር አሠራልን አይደል?» አለችና ሳቀች።

የኔታ በየቀኑ ጎሕ ሲቀድ ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ሄደው እንደሚመለሱ ስትነግረኝ አላመንኳትም። በኔ ንድፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ከኮሪደሩ አይወጣም።

«እንዴት አይጠፉም?»

«እግራቸው ያውቀዋል» አለች።

ሐሙስ ጠዋት

ከእንቅልፌ ስነሣ የኔታ ወጥተዋል፤ እማዋይሽም ከብቶቹ ጋ ናት። ውጭው ጉም ብቻ ነው። የኔታ የሚሄዱበትን መንገድ ልለካ ሜትሬንና ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ስወጣ በሩን ከኋላዬ ሳብ አድርጌ ዘጋሁት።

ለምን እንደዘጋሁት ልንገራችሁ፤ በምንም ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከሰው ግቢ ሲወጣ በር ይዘጋል። ሥርዓት ነው። እጄ ነው የዘጋው፤ ልቤ አላወቀም።

መንገዱ ደስ የሚል ነበር። ከቤቱ ተነሥቶ በጥዶቹ መሐል ያልፋል፣ ምንጩን ይዞ ይዞራል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይደርሳል፣ ከዚያ በሌላ በኩል በጎረቤቶች ደጅ አድርጎ ወደዚያው ቤት ይመለሳል። የሚያጠፋ መገንጠያ ብዙ የለውም። ክብ ነው ማለት ይቻላል። እየለካሁ፣ እየሣልኩ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ቆየሁ። ስመለስ እማዋይሽ በሩ ፊት ለፊት ቆማለች።

«ማን ዘጋው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

ፊቷ ዐመድ ሆነ። «አባዬ በሩ ከተዘጋ ቤቱን አያውቁትም። የድሮው በራችን የጥድ ሳንቃ ነበር። ይሄን አዲሱን ካዩት ‹የሰው ቤት ነው› ብለው ያልፋሉ። ለዚያ ነው የማልዘጋው።»

ነጠላዋን አጥብቃ ታጥቃ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። አንድ ቄስ አገኘን። የኔታ እንደ ልማዳቸው ሦስት ጊዜ ዞረው፣ በሩን ስመው፣ ከወጡ ቆይተዋል አሉን። ቤት ለቤት ጠየቅን። ሁሉም ሰው ሲያልፉ አይቷቸው፣ ሰላም ብሏቸዋል። ከሰማያዊው በር በኋላ ግን ያያቸው የለም።

ከበሩ በታች ያለው መንገድ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከመንገዱ ዳር ገደል ነው፤ በዚያ ጠዋት ገደሉ የት እንደሚጀምር አይታይም ነበር። ጎረቤቶች ሥራቸውን እየተዉ ወጡ። ከግራም ከቀኝም «የኔታ! የኔታ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የሚጣራውን ሰው ግን አላየውም። ጉሙ ድምፁን ይውጠዋል። እማዋይሽ «አባዬ!» ስትል ድምፅዋ የትንሽ ልጅ ሆኖ ነበር። እኔ በየገደሉ አፋፍ ቆሜ ወደ ታች ለማየት እሞክራለሁ። አንድ ቦታ ላይ ነጭ ነገር አይቼ ጮህኩ፤ ድንጋይ ነበር። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። አልሰደበችኝም። ጊዜ አልነበራትም።

ከጠፉ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ሲል አህዮቹን ጭኖ ከቆላ የሚወጣ አንድ ሰው አገኘን።

«ጥምጣም ያደረጉ ሽማግሌ?» አለ። «ዘሀራ ቤት ተቀምጠዋል እኮ! ከመንገዱ በላይ።»

እማዋይሽ መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ወዲያው ተነሥታ ሮጠች።

የወይዘሮ ዘሀራ ቤት ከመንገዱ ጥቂት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ገና ከሩቅ ያየሁት በሩን ነው፤ በዕድሜ ብዛት የጠቆረ የጥድ ሳንቃ፣ ወደ ውስጥ የተከፈተ። የኔታ ከውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ በሌላ ሰው ጋቢ ተሸፍነው፣ በሁለት እጃቸው ሲኒ ይዘዋል። ወይዘሮ ዘሀራ ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ስንገባ «አልሐምዱሊላህ! የሚፈልጋቸው መጣ» ብለው ተነሡ።

«እንዴት መጡ?» አለች እማዋይሽ።

«‹እንደምን አደራችሁ› ብለው ገቡና ቦታቸውን ያዙ። ‹ውኃ አምጡልኝ፤ እግሬን ልታጠብ› አሉኝ። ቤታቸው መስሏቸው ነው። እኔም ‹ቤትዎ ነው፣ ይቀመጡ› አልኳቸው። ልጄን የሚያውቃቸው ይፈልግ ብዬ ወደ ላይ ልኬዋለሁ፤ በጉሙ ተላልፋችሁ ይሆናል። ጾማችሁን ስለማውቅ ወተት አልሰጠኋቸውም፤ የገብስ ሙቅ ነው።»

እማዋይሽ አባቷ እግር ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። የኔታ ሲኒውን አስቀመጡና ራሷን ዳሰሷት።

«አይዞሽ ልጄ። ምን ሆንሽ? የማን ልጅ ነሽ?»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። «የየኔታ ልጅ ነኝ» አለች።

የኔታ አሰቡ። «እሱን አውቀዋለሁ» አሉ። «ደኅና ሰው ነው።»

ወይዘሮ ዘሀራ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ሐሙስ ከሰዓት

ቤት ስንመለስ እማዋይሽ መጀመሪያ ያደረገችው ትልቅ ድንጋይ አንከባልላ የላሜራውን በር ከግድግዳው ጋር ማስደገፍ ነው። ይቅርታ ጠየቅኳት።

«እኔም አልነገርኩሽም» አለች። «ለስንቱ ልናገር? ስድስት ዓመት ሙሉ ለሚመጣው ሁሉ ‹ይህን አትንኩ፣ ያን አታንሡ፣ ያን አትዝጉ› ስል ኖርኩ። ትናንት ደክሞኝ ነበር፤ ረሳሁት።» ቀጥላ «እስቲ ያን ቤት አሳዪኝ» አለችኝ።

ቱቦውን ከፍቼ ንድፉን መደቡ ላይ ዘረጋሁት። የኔታ በአንዱ ጥግ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ወረቀቱን ያዙልን። እማዋይሽ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ንድፍ ማንበብ አላስቸገራትም።

«የአባዬ ክፍል የትኛው ነው?»

አንዱን አመለከትኳት፤ ከግራ አራተኛውን።

«በምን ያውቁታል?»

ሃያ በር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት።

«እኔስ የት ነው የምተኛው?»

«አንቺ?»

«ታዲያ ጥያቸው ልሄድ ነው? እህቴ፣ እኔ የምፈልገው ልስጣቸው ብዬ አይደለም። አንድ ሳምንት እንቅልፍ ልተኛ፤ ሌላ ሰው ሌሊት ይነሣላቸው፤ ጠዋት ተነሥቼ ደግሞ ልያቸው። ይህን የሚያደርግ ቤት ካለ ሰው የፈለገውን ይበል፣ እመጣለሁ።»

ንድፉን ገለበጥኩትና በጀርባው መሣል ጀመርኩ። ኮሪደሩን ትቼ ቤቱን በግቢ ዙሪያ አጠፍኩት። ከበረንዳው የሚነሣ መንገድ ተክሉን ዞሮ፣ የሥራ ክፍሉን አልፎ፣ ወደ ተነሣበት በረንዳ ይመለሳል፤ የትም ቢሄዱ የሚደርሱት ቤት ነው። ለየክፍሉ የተለያየ በር አደረግሁ፤ ቤተሰብ የፈለገ የድሮ ሳንቃውን ይዞ መጥቶ እንዲያስገጥም። ፀሐይ የሚገባበት የሥራ ክፍል ለእነ ጋሽ ታደለ። የክርስቲያኑም የሙስሊሙም መጸለያ። ከመኝታዎቹ አጠገብ ደግሞ ለዘመድ አልጋ። እማዋይሽ ከላዬ ቆማ «እዚህ ጋ መስኮት» «ይሄ ደረጃ ይውጣ፣ ይወድቃሉ» ትለኛለች። ሳንጨርስ ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ምሳ መብላታችንን ረስተን ነበር።

ዓርብ፤ ደብረ ብርሃን

ኮሚቴው የተሰበሰበው በማኅበሩ ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው፤ አቶ ሞገስ፣ ጥሩወርቅና ሌሎች ሦስት ሰዎች። ንድፉን ከመዘርጋቴ በፊት አንኮበር ላይ ያደረግሁትን ነገርኳቸው። በሩን እንደዘጋሁ፣ የኔታ እንደጠፉ፣ የት እንደተገኙ።

አቶ ሞገስ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ታላቅ ወንድሜ እኔ ቤት ነበር» አሉ። «እንደኔ አስተማሪ ነበር፤ በኋላ መርሳት ጀመረ። ክረምት ላይ፣ አንድ ከሰዓት፣ ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ቅርብ ነው ብዬ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን አስከሬኑን በሬሳ በሚባለው ወንዝ ዳር አገኘነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ዘግተሽ ጠፉብሽ። እኔ ከፍቼ ጠፋብኝ። የአንቺው ተገኙ።»

የግንቡን ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ግትር ናቸው ብዬ በልቤ የፈረድኩት አሳፈረኝ።

አዲሱን ሥዕል ዘረጋሁት። ብዙ ጠየቁኝ። ግንቡ አይቀርም፤ ግን ከተክል ጀርባ ይሁን፣ ሲዞሩ እንዳያዩት አልኩ። የውጭው በር በመንገዳቸው መጨረሻ ላይ እንዳይሆን፣ እዚያ ደርሰው እንዳይታገሉት። አቶ ሞገስ በጣታቸው ከውጭው በር ተነሥተው ማጀቱ መስኮት ደረሱ።

«ከዚህ መስኮት በሩ ይታያል?»

«ይታያል። ማጀት ውስጥ ሁልጊዜ ሰው አለ።»

«እንግዲያው ሽቦው ይቅር። ሁለት ተኩሉ ሜትርም ይበቃል። ግን ማጀቱን ወደ ሌላ ቦታ ካዞርሽው አልፈርምም።»

ሁሉም ነገር ግን አልተሳካም። ለዘመድ አልጋና ለሥራ ክፍሉ ቦታ ስሰጥ ሃያ የነበረው መኝታ ወደ አሥራ አራት ወርዷል። ጥሩወርቅ የተመዘገቡትን ስም የያዘውን ወረቀት እያየች «ስድስቱን ማን ነው ጠብቁ የሚላቸው?» አለች። በኋላ «እኔው ልንገራቸው» ብላ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው። ከስድስቱ አንዷ የለሚ ከተማ እናት መሆናቸውንና ቤታቸው ድረስ ሦስት ጊዜ እንደሄደች ስንወጣ ነገረችኝ። ይህን ልረሳው አልችልም።

አዲስ አበባ

ዓርብ አመሻሽ ላይ ቤቴ ገባሁ። ጫማዬ ላይ የአንኮበር ጭቃ ደርቋል።

እስካሁን የነደፍኩት ሁሉ ለሚያስታውስ ሰው ነበር። የሚያስታውስ ሰው መጥፎ ቤትም ቢሰጡት ይለምደዋል፤ መብራቱ የቱ ጋ እንደሆነ፣ የትኛው በር እንደሚቆልፍ በሳምንት ያውቃል። የአርክቴክቱን ስሕተት የሚሸፍንለት እሱ ነው። የሚረሳ ሰው አይሸፍንም። በየቀኑ እንደ አዲስ ገብቶ በየቀኑ ስሕተቴን ያገኘዋል። ደግሞም በሩን ከፍቼ ብተወው ወይም ብዘጋው ብቻውን እንደማያድን አይቻለሁ። አንኮበር ላይ የኔታን ያዳኗቸው ወይዘሮ ዘሀራ ናቸው፤ «ቤትዎ ነው፣ ይቀመጡ» ያሉት። ቤት እንዲህ የሚል ሰው እንዲኖርበት አድርጎ መሥራት እንዴት እንደሆነ ሙሉ በሙሉ አውቄዋለሁ አልልም። በማጀቱ መስኮት ጀምሬያለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የንድፉን መግለጫ ጽፌ ላክሁ። በመጀመሪያው ገጽ፣ ስለ ስፋትና ስለ ግንባታ ዕቃ ከማንሣቴ በፊት፣ እንዲህ አልኩ፦ «ይህን ቤት የነደፈችው ሴት አንድ ጠዋት መዘጋት የሌለበትን በር በመዝጋቷ አንድ አባት ለሁለት ሰዓት ጠፍተዋል። ንድፉ ከዚያ ጠዋት የመጣ ነው።» አቶ ሞገስ ደወሉልኝ። «ገንዘብ ሰጪዎቹ ይደነግጣሉ፤ ይህን ብታወጪው ምን ይመስልሻል?» አሉኝ። እንዲቀር እንደምፈልግ ነገርኳቸው። «እንግዲህ…» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ከአሥር ቀን በኋላ የተፈረመበት ቅጂ በመልእክት መጣልኝ። ማኅተሙም ፊርማውም በቦታው አለ። የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። ዓረፍተ ነገሬ አልተሰረዘም። ከሥሩ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተስተካከለ የአስተማሪ የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጨምሮበታል።

«ከእሷ በፊት አንድ በር ከፍቼ የተውኩት እኔ ነኝ። ሞገስ።»